ለዓመታት የቆመ አሮጌ ሞተር ሳይክልን ቤት ውስጥ ማስነሳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መካኒክ አይደለሁም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ቀን ቀን የቢሮ ሥራ እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ግን እጄ ከግራሶ አይወጣም። ጓደኛ፣ ዘመድ፣ የዘመድ ጎረቤት እያለ ጥያቄው በዛብኝ። ከመሐል ሜዳ ይደውላሉ፤ ከደነባ፣ ከአንኮበር፣ ከሸዋ ሮቢት ይደውላሉ። ታሪኩ አንድ ነው ማለት ይቻላል። በግብርና ወይም በጤና ሥራ ገጠር ለገጠር ሲዞር የኖረ አባት ወይም አጎት አንድ ያማሃ ወይም ሆንዳ ነበረው። አንድ ቀን አልነሳ አለ። «ሲመቸኝ አሠራዋለሁ» ተብሎ ግድግዳ ላይ ተደገፈ። ከዚያ ዶሮ ሰፈረበት።

ስለዚህ መልሶቹን አንድ ቦታ ጻፍኳቸው። እኛ አገር «ሞተር» ስንል ሁለቱንም ነው፤ እዚህ ግን እንዳንደናገር ሙሉውን «ሞተር ሳይክል»፣ ነዳጅ የሚያቃጥለውን ክፍል ብቻ «ሞተር» እላለሁ።

ሞተር ሳይክሉን ከቆመበት አወጣሁት። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

አትርገጡት።

ይህን የምለው ተቃጥዬ ነው። የአጎቴ ያማሃ ዲቲ 125 መንዝ ውስጥ ከጓሮ፣ ከኩበት ክምር አጠገብ ዘጠኝ ዓመት ቆሟል። ያረጀ ባና ተጥሎበት ነበር። ባናውን ስገፈው መቀመጫው የዶሮ ኩስ ለብሷል። የአየር ማጣሪያው ሳጥን ውስጥ ደግሞ አይጥ ገብሷን አከማችታ ክረምት ከበጋ ኖራበታለች። ሳቅን፤ ፎቶ አነሳን። ከዚያ አጎቴ «እስቲ አንዴ ርገጠው» አለኝ። ረገጥኩት። አልንቀሳቀስም አለ። በሙሉ ክብደቴ ቆምኩበት። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ መርገጫው ወረደ፤ እኛም አጨበጨብን።

ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ሲፈታ ነው ጉዱ የታየው። የፒስተኑ ቀለበት ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ተያይዞ ኖሯል። እኔ ስቆምበት ተሰበረ። ስባሪው ሲሊንደሩን እንደ ማረሻ አርሶታል። በጥቂት ዘይትና በሦስት ቀን ትዕግሥት የሚያልፈው ነገር ቶርኖ ቤት ወሰደኝ፤ ገንዘቤንም በላ። ከዚያ ወዲህ ያየኋቸው ከባድ ጉዳቶች አብዛኞቹ በቆመባቸው ዓመታት የመጡ አይደሉም። ሰው ሊያስነሳው በሞከረበት የመጀመሪያው ሰዓት የመጡ ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ ጭቃና ኩሱን እጠቡ። በካንዴላው (ሞተሩ ውስጥ እሳት በሚፈነጥቀው) ዙሪያ ያለውን አፈር በብሩሽ ጥረጉ፤ አለበለዚያ ካንዴላው ሲወጣ አፈሩ ወደ ውስጥ ይገባል። ካንዴላውን ንቀሉና በቀዳዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት ጨምሩ። ይደር። በማግስቱ፣ ካንዴላው እንደወጣ፣ መርገጫውን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉት። በእጅ ነው ያልኩት፤ እግር ጉልበቱን አያውቅም። ከዞረ እሰየው።

በእጅ ስገፋው ጨርሶ አይዞርም። አበቃለት ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ አላበቃለትም። ናፍጣ እና ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሸጠውን ቀይ ዘይት ግማሽ በግማሽ ቀላቅሉ። በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሩና ተዉት። በየማታው እየጨመራችሁ ሳምንት ቢቆይ ጥሩ ነው። ድብልቁ ቀስ እያለ በቀለበቱና በግድግዳው መካከል ሰርጎ ዝገቱን ያላቅቀዋል።

ከዚያም መርገጫውን አትንኩት። ሞተር ሳይክሉን ትልቁ ማርሽ ውስጥ አስገቡና የኋላ ጎማውን ይዛችሁ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ወዝውዙት። መርገጫ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚገፋው። ጎማው ግን በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፤ በትልቁ ማርሽ ደግሞ ለሞተሩ የሚያደርሰው ጉልበት ከፍ ይላል። የጸጉር ያህል ከተንቀሳቀሰ አሸንፋችኋል። ቁሙ፣ እንደገና ዘይት ጨምሩ፣ ነገ ቀጥሉ።

ሲለቅ ቀዳዳው ላይ ጨርቅ አድርጉና ደጋግማችሁ አዙሩት፤ ውስጥ ያለው ድብልቅ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ፊታችሁን አርቁ። ባለ አራት ምት ከሆነ (እንደ ሆንዳ ሲጂ 125) ያ ድብልቅ ወደ ሞተሩ ዘይት ስለሚወርድ፣ ከማስነሳታችሁ በፊት ዘይቱን መቀየር ግድ ነው።

አንድ ሰው ከዓለም ከተማ ደውሎ «በመኪና ጎትተን ብናስነሳውስ?» አለኝ። የእኔን ቀጭታ አስታወስኩት።

ወረቀቱ የጠፋ ነው። እስከዚያው ላሠራው?

መጀመሪያ ወረቀቱ። የሞተሩ ቁጥር በሞተሩ አካል ላይ፣ የሻሲው ቁጥር ብዙ ጊዜ መሪው የሚገባበት አንገት ላይ ተቀርጾ ይገኛል። በብሩሽ አጽድታችሁ ጻፉት፤ ሊብሬው ሲገኝ ከእሱ ጋር አመሳክሩ። ድሮ የመንግሥት ንብረት ከነበረ የጨረታ ወረቀቱን ፈልጉ። መንገድ ላይ ለመውጣት ቦሎው ብቻ ሳይሆን የሦስተኛ ወገን መድንም ያስፈልጋል፤ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ለሞተር ሳይክልም ይሠራል። ሊብሬ የሌለው ሞተር ሳይክል ላይ ስንት ወር ለፍቶ በመጨረሻ ግቢ ውስጥ ብቻ የሚነዳ ሰው አውቃለሁ።

ሞተሩ ይዞራል፤ ግን አይነሳም። ከየት ልጀምር?

ከእሳቱ። ሞተር እንዲነሳ እሳት፣ ነዳጅና ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) ይፈልጋል። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ የነካካ ሰው የትኛው እንደሠራ አያውቅም። እሳቱን ማየት ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ከእሱ ይጀመር።

ካንዴላውን ከገመዱ ጋር አገናኙና የብረት አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩት። ከካንዴላው ቀዳዳ ራቅ አድርጉት፤ ከዚያ የሚወጣ የነዳጅ ትነት ሊቀጣጠል ይችላል። ጥላ ቦታ ሆናችሁ አንድ ሰው መርገጫውን ይርገጥ። ሰማያዊና ጠጠር ያለ እሳት ካያችሁ ደህና ነው። ቢጫና ልፍስፍስ ከሆነ ወይም ከሌለ መጀመሪያ አዲስ ካንዴላ ሞክሩ። ከዚያ የካንዴላውን ቆብ፣ ከዚያ የማጥፊያውን ሽቦ። የማጥፊያው ሽቦ በአይጥ ተበልቶ ከሻሲው ጋር ተነካክቶ ከሆነ እሳቱን ይገድለዋል። ይህ ሲገጥመኝ ሁለተኛዬ ነው፤ ሁለት ቀን ኮይል ስጠረጥር ከርሜ ጥፋቱ በአንዲት የተላጠች ሽቦ ሆነ።

የቆዩት ፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳ መነካኪያ) አላቸው፤ ቆሞ ሲከርም የፑንቲናው ፊት ይዝጋል። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አጽዱ፤ ከዚያ በቤንዚን በራሰ ንጹሕ ወረቀት ጥረጉ። ክፍተቱ ሙሉ ሲከፈት ለአብዛኞቹ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። መለኪያ ከሌላችሁ አንድ ተራ የጢም ምላጭ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስት ወይም አራት ምላጭ ደርቡና አስገቡ፤ በትንሹ እየታከከ ካለፈ ልክ ነው። የካንዴላው ክፍተት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.7 ነው። እሱ ስድስት፣ ሰባት ምላጭ መሆኑ ነው። ጣታችሁን ጠብቁ እንጂ መለኪያው አይዋሽም።

ታንከሩ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን መጠቀም እችላለሁ?

አሽቱት። ትኩስ ቤንዚን ስል ያለ ሽታ አለው። የከረመ ቤንዚን ግን እንደ አሮጌ ቫርኒሽ ይሸታል፤ ቀለሙም ወደ ሻይ ይሄዳል። ያ ለማስነሳት አይሆንም። ወደ በሬሳ ወንዝ በሚወርድ ቦይ ውስጥም አትድፉት። በጄሪካን ክደኑትና ቡሎን ለማጠቢያ ይሁናችሁ።

የታንከሩን ውስጥ በስልክ መብራት እዩት። ዝገት ካለው አቼቶ ይበቃዋል፤ ውድ ኬሚካል አያስፈልግም። የነዳጅ መክፈቻውን አውጡና ቀዳዳውን ድፈኑ። ታንከሩን በአቼቶ ሙሉና አንድ ሁለት ቀን ይቀመጥ። ዝገቱ ወፍራም ከሆነ እፍኝ ትንንሽ ዳዶ ጨምሩበትና ናጡት፣ ልክ እንደ ቅል። ዳዶዎቹን ስታስገቡ ቁጠሩ! እኔ 20 አስገብቼ 19 አወጣሁ። ያቺን አንዷን ፍለጋ ግማሽ ቀን ታንከር ስገለብጥ ዋልኩ።

ከዚያ በውሃ አለቅልቁ። አሲዱ እንዲሞት ሶዳ በሞቀ ውሃ በጥብጣችሁ አዙሩበት፤ እንደገና አለቅልቁና ፀሐይ ላይ አድርቁ። እርጥብ ከቀረ በሰዓታት ውስጥ መልሶ ይዝጋል። ወዲያው እንደደረቀ ትንሽ ቤንዚን ከዘይት ጋር ጨምራችሁ ሁሉንም ግድግዳ አስነኩት።

ታንከሩ ካፈሰሰ ቤንዚን የነበረበትን ታንከር እሳት አታስነኩ። «ባዶ ነው» ማለት አይሠራም፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነው። ብየዳውን ይህንን ሥራ አጽድቶ መሥራት ለሚያውቅ ባለሙያ ተዉት። ሌላም ነገር አለ። ሰው ሞተር ሳይክል በረንዳ ላይ ይፈታል፤ እዚያው አጠገቡ ከሰል ተያይዞ ቡና ይፈላል። ቤንዚን በሳፋ ከፍታችሁ ከሆነ ወይ ቡናው ይራቅ ወይ እናንተ ራቁ። ቡናውን ማስቀረት አይታሰብም፤ ስለዚህ እናንተ ናችሁ የምትርቁት።

ካርቡሬተሩን ቤት ውስጥ ማጽዳት ይቻላል? ወይስ ባለሙያ ይሻላል?

ይቻላል። ነጭ ጨርቅ አንጥፉና ላዩ ላይ ፍቱት፤ በየደረጃው በስልክ ፎቶ አንሱ። ከጎኑ ያለችውን ትንሿን ማስተካከያ ብሎን ከማውጣታችሁ በፊት ግን እስከ መጨረሻው ቀስ ብላችሁ አስገብታችሁ ስንት ዙር እንደገባች ቁጠሩና ጻፉ። ስትመልሱ እዚያው ቁጥር ላይ ትመልሷታላችሁ። ያልቆጠረ ሰው ከአንድ ዙር ተኩል ይጀምር፤ ለአብዛኞቹ መነሻ ይሆናል።

ከታች ያለው ሳህን ውስጥ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሙጫ ታገኛላችሁ። የደረቀ ቤንዚን ነው። ጄት የሚባሉት የናስ ብሎኖች መሐላቸው ቀዳዳ አለ፤ ወደ ብርሃን አንስታችሁ አሻግራችሁ እዩ። ትልቁ ብዙም አያስቸግርም። ችግር ፈጣሪዋ ትንሿ ናት፣ የሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የምትሠራዋ)። ቀዳዳዋ የጸጉር ያህል ስለሆነ ብርሃን ካላያችሁባት ተደፍናለች ማለት ነው። ምልክቱም ይታወቃል፦ ቾክ (የአየር መዝጊያው) ሲዘጋ ይነሳል፣ ቾኩን ስትመልሱት ይጠፋል።

በብረት ሽቦ ወይም በመርፌ አትውጓት። ናስ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳው ከሰፋ ልኩ ተበላሸ። ከአሮጌ የመብራት ገመድ አንዲት የመዳብ ክር ምዘዙ። ቤንዚን ወይም የካርቡሬተር ማጽጃ ውስጥ ዘፍዝፉና በመዳቧ ክር ግፉ፤ ከዚያ የጎሚስታ አየር ይነፋበት። ጎማ የሆነውን ሁሉ ከማጽጃው አርቁ፤ ያብጣል። ተንሳፋፊውን ጆሯችሁ ጋ አቅርባችሁ ነቅንቁ። ውስጡ ቤንዚን ከተንቦጨረቀ ተበስቷል።

አንድ ጊዜ «ኦሪጅናል ነው» ተብዬ የካርቡሬተር ጥገና ኪት ገዛሁ። ሁሉንም አዲስ ገጠምኩ። ሞተር ሳይክሉ ከበፊቱ ባሰ። በመጨረሻ አሮጌዎቹን ጄቶች አጽድቼ መለስኳቸው፤ ቀጥ ብሎ ሠራ። ከዚያ ወዲህ የፋብሪካውን ናስ አልጥልም። ከኪቱ የምፈልገው ጓርኒሲዮኑን (የመጋጠሚያ ማሸጊያውን) እና መርፌዋን ብቻ ነው።

ተነሳ፤ ግን ደብረ ብርሃን ላይ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ጉልበትም የለውም። ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ይስተካከላል። ለምን?

ይህ ጥያቄ የኛ የሰሜን ሸዋዎች ነው። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት 1,280 አካባቢ። መሐላቸው ያለው መንገድ 95 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ግን ከብርድ ልብስ ወደ ነጠላ የሚያወርድ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ከባህር ወለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም፤ በዝቅተኛ ቦታ ልክ ቤንዚኑን ያፈስሳል። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል። ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ፣ ዳገት ላይ የሚታነቅ ሞተር፤ ሁሉም ከዚያ ነው።

መፍትሔው መርፌዋ ላይ አለ። የካርቡሬተሩ መርፌ ራስጌዋ ላይ በርካታ ጭረቶች፣ አንዱ ጭረት ላይ ደግሞ ትንሽ መቆንጠጫ አላት። መቆንጠጫውን አንድ ጭረት ወደ ላይ ብታወጡት መርፌዋ ዝቅ ትላለች፤ ቤንዚኑ ይቀንሳል። አልበቃ ካለ ትልቁን ጄት በአንድ ቁጥር ማሳነስ ነው። ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ነድታችሁ ካንዴላውን እዩ። የቡና ገለባ የመሰለ ቡናማ ቀለም ካመጣ ጥሩ ነው።

ለደብረ ብርሃን አሳንሳችሁ ወደ ቆላ ከወረዳችሁ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ሞተሩ ይግላል። ባለ ሁለት ምት ከሆነ ፒስተን ሊበሳ ይችላል። በየሳምንቱ ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ የምትመላለሱ ከሆነ የደጋውን ጥቁር ጭስ በትንሹ ታገሱት። ጥላሸት በብሩሽ ይለቃል፤ የተበሳ ፒስተን ግን አዲስ ይገዛል።

በዚሁ ኮምፕሬሽኑንም ላንሳ። አንድ ወዳጄ በመለኪያ ለክቶ «90 ፒኤስአይ ብቻ ነው ያሳየኝ፤ ሞተሩ አልቋል ተባልኩ» ብሎ በሐዘን መጣ። በባህር ወለል 125 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ 90 ገደማ ቢያሳይ የአየሩ ነገር ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር የሚሠራው ለቆላ ነው። ስትለኩ ደግሞ የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ይሁን፤ አለበለዚያ ቁጥሩ ያንሳል። የወዳጄ ሞተር ሳይታረድ ተረፈ።

ዘይቱ ምን ይሁን?

መጀመሪያ ባለ ሁለት ምት ይሁን ባለ አራት ምት ለዩ። ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 ባለ ሁለት ምት ናቸው። ሆንዳ ሲጂ 125 ባለ አራት ምት ነው።

ባለ አራት ምቱ ላይ የሞተሩ ዘይት ፍሪሲዮኑንም ያጥባል። ስለዚህ ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ የሚሸጥ ቀጭን የመኪና ዘይት አይሆንም፤ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚለውን ፈልጉ። የቆመው ዘይት ጥቁርም ባይሆን ይቀየር፤ በቆመበት ውሃ ያቁራል። ከተነሳ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ቀይሩት። ሰው ብክነት ነው ይለኛል። የመጀመሪያውን ዘይት በነጭ ሳህን ውስጥ ቅዱና እዩት፤ ከዚያ አነጋግሩኝ።

ባለ ሁለት ምቶቹ ያማሃዎች ለብቻው የዘይት ታንከርና የዘይት ፓምፕ አላቸው። ዓመታት የቆመ ፓምፕን ወዲያው አትመኑት፤ ቱቦው ውስጥ አየር ገብቶ ሊሆን ይችላል። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሊትሮች ዘይቱን ቤንዚኑ ውስጥ ራሳችሁ ቀላቅሉ፦ ለ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት። ፓምፑ እየሠራ ከሆነ ትንሽ ይጨሳል፤ ይጭስ። ካልሠራ ደግሞ ፒስተናችሁ ተረፈላችሁ። የዘይቱ ታንከር በሁለት መቶ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ሲጎድል ካያችሁ ፓምፑ ሠርቷል ማለት ነው፤ መቀላቀሉን ታቆማላችሁ። የካምቢዮው ዘይት ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። እሱንም ቀይሩ።

ባለ ሁለት ምት ነው። ነጭ ጭስ ማቆሚያ የለውም። / ነዳጅ ስለቅ አይወርድም፤ ራሱን ችሎ ይጮኻል።

ሁለት የተለያዩ ሰዎች ጠየቁኝ፤ መልሱ አንድ ቦታ ነው ያለው። ክራንኩ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) በሁለቱም ጎን የጎማ ዘይት መከልከያ አለው። ቆሞ ሲከርም ጎማው ይደርቃል። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ካለቀ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት እየሳበ ያቃጥላል። ነጭ ጭሱ እሱ ነው። የካምቢዮው ዘይት ሳይፈስ ከጎደለ አረጋግጣችኋል።

በሌላኛው በኩል፣ በመብራት አመንጪው ጎን ያለው ካለቀ ግን አየር ይስባል። ሞተሩ ቤንዚን አንሶት ይጮኻል፤ ሚኒሞውም አይረጋም። ይኼኛው የባሰ ነው፤ ሳታጠፉ ከነዳችሁት ፒስተኑን ያቀልጠዋል። ወዲያው አጥፉ። በመብራት አመንጪው በኩል ያለው ቮላኖው (ከክራንኩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ከወጣ ቤት ውስጥ ይቀየራል፤ ቮላኖውን ግን በመዶሻ ሳይሆን በራሱ መንቀያ አውጡት። ከሳምንት በላይ አይፈጅም፤ ዋጋውም ከፒስተን ጋር አይወዳደርም።

አደራ ደግሞ፣ ጭሱን ለማየት ብላችሁ ክፍል ውስጥ አታስነሱት። የኛ ብርድ በር ያዘጋል። የሞተር ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በር ተዘግቶ ደቂቃዎች ይበቁታል።

ማርሽ ሳስገባ ፍሪሲዮኑን ይዤም ዘልሎ ይሄዳል!

የፍሪሲዮኑ ሳህኖች ቆመው ተጣብቀዋል። አትደንግጡ። ሞተሩን አስነስታችሁ በደንብ ይሙቅ። አጥፉት፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፤ ፍሪሲዮኑን ጨብጣችሁ ሞተር ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝውዙት። ብዙ ጊዜ ጧ ብሎ ይለቃል። ካልለቀቀ የጎን ክዳኑ ተፈትቶ ሳህኖቹ በእጅ ይለያያሉ።

ባትሪው ሞቷል። ያለ ባትሪ ይነሳል?

አብዛኞቹ የመርገጫ ሞተር ሳይክሎች እሳቱን ከባትሪ ሳይሆን ከራሳቸው መብራት አመንጪ ስለሚያገኙ ይነሳሉ። ቮልቱን ግን አጣሩ። የቆዩት 6 ቮልት ናቸው። የ12 አምፖል ብትገጥሙባቸው እንደ ኩራዝ ይበራል፤ የ6ን በ12 ላይ ካደረጋችሁ ደግሞ ይቃጠላል።

መለዋወጫ ከየት?

ካቴና፣ ካንዴላ፣ ካላማዳሪና የፍሬን ሸራ ደብረ ብርሃን አይጠፉም። የቆዩ ያማሃዎች ዕቃ ግን አዲስ አበባ ያወርዳል፤ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ። አሮጌውን ዕቃ በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። «የዲቲ ነው» ማለት ብቻውን 130 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ በከንቱ ያስኬዳል። የኩሽኔታና የዘይት መከልከያ ልክ ፊታቸው ላይ በቁጥር ተጽፏል። ያንን ቁጥር ይዛችሁ የመኪና ወይም የወፍጮ ዕቃ ሱቅም ብትገቡ ታገኛላችሁ፤ ኩሽኔታ የማን እንደሆነ አያውቅም።

ቀለም ልቀባው?

ከተነዳ በኋላ። አሁን አይደለም።

መቼ ነው በድፍረት ጣርማበርን የምወርድበት?

ጎማውና ፍሬኑ ካለፉ በኋላ። የጎማው ጎን ላይ በአራት አኃዝ የታተመ ቀን አለ። 1809 የሚል ከሆነ በፈረንጅ 2009 ዓመት በ18ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆን እንኳ ጎኑ ከተሰነጣጠቀ ጣሉት። የፍሬን ታምቡሩን ፍቱ፤ ሸራው ዘይት ከነካው ቀይሩት። ያለውን ብናኝ በአፍ አትንፉት፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ለፍሬንና ለፍሪሲዮን ገመዶች ደግሞ አንድ የሚሠራ ዘዴ አለ። የፌስታል ጥግ ቁረጡና በገመዱ የላይኛው ጫፍ ላይ በክር እሰሩ፤ ዘይት ጨምሩበትና አንጠልጥሉት። በማግስቱ ከታች በኩል ዘይቱ ዝገቱን ይዞ ሲንጠባጠብ ታያላችሁ።

መጀመሪያ ከተማው ውስጥ ተሽከርከሩ። ከዚያ ጫጫ ደርሳችሁ ተመለሱ። ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ትርፍ ካንዴላ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። በየ20 ኪሎ ሜትሩ ቁሙና ቡሎኖቹን ነካ ነካ አድርጉ፤ ያማሃ ሲንቀጠቀጥ ዳዶ ያራግፋል።

የጣርማበር ነገር ለብቻው ነው። መተላለፊያው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጣልያን የቆፈረውን ዋሻ አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ጭጋጉ ፊት ለፊት ይቀበላችኋል፤ መብራት ሳይሠራ እዚያ አትግቡ። ሰው ቤንዚን ለመቆጠብ ነዳጅ ዘግቶ በማርሽ ይወርዳል። ባለ ሁለት ምት ላይ ይህ ክፉ ነው። የሞተሩ ዘይት የሚገባው ከነዳጁ መስጫ ጋር ነው፤ ዘግታችሁ ረጅም ቁልቁል ስትወርዱ ሞተሩ በፍጥነት ይሽከረከራል፣ በቂ ዘይት ግን አያገኝም። በየተወሰነ ርቀቱ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ነዳጅ ሰጥ አድርጉ። ፍሬኑንም አንቃችሁ አትያዙ። ያዝ ለቀቅ ነው፤ ታምቡር ከጋለ መያዙን ይተዋል።

የአጎቴን ዲቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወረድኩት እሱን ከኋላ አስቀምጬ ነው። ደብረ ሲና ስንደርስ ወርዶ መጀመሪያ የነካው ታምቡሩን ነበር። ጣቱን ቶሎ መለሰና «ገና ይቀርሃል» አለኝ።